ያልደረሰ መልእክት እንደ ባዶ አይቈጠር

የመንግሥት ሥራ የሚጸናው በመልእክት ነው። በዋናው ከተማ ተቀምጦ እህልና መድኀኒት የሚያከፋፍል ሹም፥ በተከዜ ሸለቆ ውስጥ ባለች ቀበሌ የሚኖረውን ሕፃን በዐይኑ ሊያየው አይችልምና፥ የሚያየው ተጽፎ በመጣለት ቃል ብቻ ነው። መልእክቱ በጊዜው ከደረሰ ሹሙ ያያል፤ መልእክቱ ከተዛባ ሹሙም ይስታል፤ መልእክቱ ከመንገድ የቀረ እንደ ሆነ ግን፥ ይህም ከሁሉ የከፋው ነው፥ ሹሙ ችግሩ ከነጭራሹ የሌለ ይመስለዋል። ስለዚህ አባቶቻችን መልእክተኛን በቅሎና ስንቅ ሰጥተው፥ ማኅተም አስይዘው፥ የሚናገረውንም ቃል አስጠንተው ይልኩት ነበር።

በዛሬው ዘመን የመልእክተኛው ሥራ ለኮምፒዩተር ተሰጥቷል። አንዱ ፕሮግራም ሌላውን ይጠይቃል፥ ሌላውም ይመልስለታል፤ በመካከሉ የሰው እጅ አይገባም። ይህ ነገር የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ የሚኖር ሕዝብ የሚደርሰው እርዳታ በዚህ መልእክት መድረስና አለመድረስ ላይ የሚመሠረት ሆኖ ስላገኘነው፥ ሹማምንቱም ካህናቱም ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ ነው እንላለን።

ሰቆጣን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ለልማት ስለሚያስፈልግ ገንዘብ ሊመክሩ በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገባ። ቃሉም በዚህችው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። መቀንጨር ማለት ሕፃን ከፅንስ ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቂና የተመጣጠነ ምግብ ሳያገኝ፥ ወይም ደዌ እየደጋገመ ሲያጠቃው፥ ቁመቱ ከዕድሜው ማነሱ ነው። ጉዳቱም በቁመት ብቻ አይቀርም፤ የአእምሮን ዕድገትና የትምህርትን ቅበላ ይነካልና። ሥራው በመጀመሪያ በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ 40 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀምሮ፥ በኋላ ወደ 240 ወረዳዎች እንዲሰፋ ተደረገ።

ይህን መከራ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን አይነቅለውም። ሕፃኑን የሚመዝነው ጤና ጥበቃ ነው፤ ጓሮውን የሚያለማው ግብርና ነው፤ ምንጩን የሚያጐለብተው የውኃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ልጃገረዲቱን ከትምህርት ቤት እንዳትወጣ የሚጠብቃት ትምህርት ነው። እያንዳንዱም በየራሱ መዝገብ የጻፈ እንደ ሆነ፥ አንዲቱ ቀበሌ አራት ጊዜ ትጻፋለች፥ አንድ ጊዜም በሙላት አትታይም። ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱን ቁጥር በአንድ ገበታ ላይ የሚያገናኝ የተዋሐደ የሥርዓተ ምግብ መረጃ መዝገብ ተዘጋጀ። እርሱም የተሠራው ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. አንሥቶ በመላው አገር ካሰራጨው ዲኤችአይኤስ 2 ከተባለው የመዝገብ ፕሮግራም ላይ ነው።

የዚህ ፕሮግራም ታሪክ አጭር ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1994 ደቡብ አፍሪቃ ከዘር አገዛዝ ስትወጣ፥ የተከፋፈለውን የጤና መዝገቧን ለማዋሐድ ተጀመረ። ከዚያም የኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ እየመራው፥ በ2006 የአሁኑ መልኩ ወጣ፤ ዛሬም ከ70 በሚበልጡ አገሮች ያለ ክፍያ ይሠራበታል። የተጻፈበት ቋንቋ ጃቫ ነው። ጃቫ በ1995 በአሜሪካ ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው ኩባንያ በጄምስ ጎስሊንግና በባልንጀሮቹ ለሕዝብ የቀረበ የኮምፒዩተር ቋንቋ ሲሆን፥ ስሙ የቡና ስም ነው። ከኢትዮጵያ ምድር የወጣው ቡና ዓለምን ዞሮ ስሙን ለቋንቋ ካበደረ በኋላ፥ በጤና መዝገብ ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ ብንል ከእውነት አልራቅንም። የጃቫም ጠባዩ አንድ ጊዜ የተጻፈው ፕሮግራም ዓይነታቸው በተለያየ ኮምፒዩተሮች ላይ መሥራቱ ነው።

መዝገቡ የሚቀመጥበትንም ማወቅ ያሻል። ቀድሞ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት መዝገቡን በራሱ ክፍል ባለ ኮምፒዩተር ያኖር ነበር። አሁን ግን በሩቅ ባለ ታላቅ የኮምፒዩተር አዳራሽ አስቀምጦ በኢንተርኔት መገልገል የተለመደ ሆኗል፤ ይህንንም ክላውድ፥ ማለት ደመና፥ ይሉታል። በስሙ ግን ማንም አይታለል፤ ደመናው በሰማይ አይደለም፥ በምድር ላይ ባለቤትና ቁልፍ ያለው ቤት ነው። በ1999 የተቋቋመው ሴልስፎርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የነጋዴዎችን መዝገብ በዚህ መንገድ ማከራየት ጀምሮ፥ በ2000 የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች ገብተው የሚጠይቁበትን ደጃፍ ከፈተ። በዚያው ዓመት ሮይ ፊልዲንግ የተባለ ሊቅ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፥ እንዲህ ያለው ደጃፍ በምን ሥርዓት ሊሠራ እንደሚገባው አስረዳ። ደጃፉም በባለሙያዎች ዘንድ ኤፒአይ ይባላል።

ኤፒአይ ምንድን ነው ቢባል፥ የደብዳቤ ሥርዓት ነው ብለን እንመልሳለን። የአገራችን ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ይድረስ» ብሎ የሚቀበለውን ሰው ይጠራል፥ ላኪውን ይገልጣል፥ ጉዳዩን በቅደም ተከተል ያትታል፥ ማኅተሙን ያሳርፋል፥ መልስም ይጠባበቃል። የጃቫውም ፕሮግራም እንዲሁ ያደርጋል። አድራሻ ይጽፋል፥ ማንነቱን የሚያስረዳ ምስጢራዊ ቁልፍ ያቀርባል፥ ቁጥሩን ጄሰን በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት ያሰናዳል፥ ይልካል፥ መልሱንም ያነባል። መልሱ በቁጥር ይመጣል። 200 ቢል ደብዳቤህ ደረሰ ማለት ነው፤ 401 ቢል ማኅተምህን አላወቅነውም፤ 404 ቢል በዚህ አድራሻ የሚገኝ የለም፤ 503 ቢል ቤቱ ለጊዜው አይቀበልም፥ ቈይተህ ተመለስ ማለት ነው።

ነገር ግን ደብዳቤ መድረሱ ብቻውን አይበቃም። በዲኤችአይኤስ 2 ደጃፍ ብዙ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ በተላኩ ጊዜ፥ መልሱ ስንቶቹ እንደ ገቡ፥ ስንቶቹ በአዲስ እንደ ተተኩ፥ ስንቶቹም ሳይገቡ እንደ ታለፉ ለይቶ ይናገራል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው መድረሱን ብቻ አይቶ የታለፉትን ሳይመረምር ቢቀር፥ ደብዳቤውን ለበረኛ ሰጥቶ ጉዳዩ ተፈጸመ ብሎ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ባለጉዳይ ይሆናል።

አሁን ነገሩን ወደ ዋግ ኽምራ እንመልሰው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ምክንያት በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። እነርሱም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እናቶችን ይመክራሉ፥ ሕፃናትን ይመዝናሉ፥ ክትባት ይሰጣሉ። የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት በተዘረጋበት ቀበሌ ሠራተኛዋ የምትጽፈው በወረቀት ፈንታ በታብሌት ነው። በታብሌቱ ላይ ያለው ፕሮግራም ኮምኬር በተባለው መድረክ የተሠራ ሲሆን፥ አብዛኛው እርሱም የተጻፈው በጃቫ ነው። በሸለቆና በገደል መካከል የስልክ መረብ በማይገኝበት ስፍራ ሳለች ጽሕፈቷን በታብሌቱ ውስጥ ያቈይላታል፤ መረብ ወዳለበት በደረሰች ጊዜ ወደ ማእከሉ ይልከዋል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይነሣል። ፕሮግራሙ መልእክቱን ልኮ መልስ ሲጠባበቅ መረቡ ቢቋረጥ፥ የደረሰው መልእክቱ ነው ወይስ ያልደረሰው? ላኪው አያውቅም። ደግሞ ቢልከው አንዱ ሕፃን ሁለት ሆኖ እንዳይቈጠር ያሠጋል፤ ሳይልከው ቢቀር ሕፃኑ ከነአካቴው ይጠፋል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መልእክት ከመላኩ በፊት የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር ዳግመኛ በመጣ ጊዜ ተቀባዩ «ይህን ተቀብየዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። በዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ የአንድ ጤና ኬላ፥ የአንድ ወር፥ የአንድ ጉዳይ ቁጥር ቦታው አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ደግሞ ቢላክ በፊተኛው ላይ ይተካል እንጂ አይደመርበትም። እንዲህ ሲሆን መልእክተኛው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ያለ ፍርሃት ሊመላለስ ይችላል። ምልልሱም በልክ ይሁን፤ መጀመሪያ ጥቂት፥ ቀጥሎ እጥፍ፥ ከዚያም የእጥፍ እጥፍ እየቈየ ይመለስ እንጂ ደጃፉን ሌሊትና ቀን አይደብድብ። የሚጠብቅበትም ጊዜ ይወሰንለት፤ በጃቫ ውስጥ ያለው መልእክተኛ ወሰን ካልተሰጠው መልስ በሌለበት ደጅ ሳይሰለች ቆሞ ይቀራልና።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የባዶው ጉዳይ ነው። በወሩ መጨረሻ ከአንዲት ጤና ኬላ «በምግብ እጥረት የተጐዳ ሕፃን» በሚለው ረድፍ ላይ ምንም ሳይገኝ ቢቀር፥ ነገሩ ሁለት ትርጓሜ አለው። አንደኛው፥ ሠራተኛዋ ሁሉን መዝና የተጐዳ አላገኘችም፤ ይህ ዜሮ ነው፥ የምሥራችም ነው። ሁለተኛው፥ ሠራተኛዋ አልመዘነችም፥ ወይም መዝና መልእክቱ አልደረሰም፤ ይህ ዝምታ ነው፥ ምናልባትም የጭንቅ ምልክት ነው። ሁለቱ እንደ ሰማይና እንደ ምድር የተራራቁ ሲሆኑ፥ በገበታው ላይ አንድ መስለው ይታያሉ። ዲኤችአይኤስ 2 ካልታዘዘ በቀር ዜሮን በመዝገቡ አያኖርም፤ ዜሮ ከዝምታ ተለይቶ እንዲታወቅ የሚፈልግ አስተዳዳሪ ለዚያ ረድፍ «ዜሮም ይቀመጥ» ብሎ ማዘዝ አለበት። ደግሞም የወሩ መዝገብ ተሟልቷል የሚለው ምልክት ከቁጥሮቹ የተለየ ነው፤ በደጃፉ የሚልክ ፕሮግራም የተሟላበትን ቀን ጨምሮ ካልላከ፥ ቁጥሮቹ ገብተው ሳለ ጤና ኬላዋ እንዳልጻፈች ትቈጠራለች።

ይህ የምናብ ሥጋት አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ሰቆጣን በደረሰባት ጊዜ፥ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፥ መብራትና ስልክም ተቋርጧል። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በመጥፋቱ ሰሃላን፥ ዝቋላንና አበርገሌን ድርቅ መታቸው። በዚያው ዓመት ከነሐሴ ወር ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ረኀቡና የመልእክት መቋረጡ በአንድ ወራት ተገናኙ ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፥ አስተውል፤ መከራ የሚጸናበት ስፍራ ራሱ መልእክቱ የሚቀርበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ዝምታን እንደ ዜሮ የሚቈጥር መዝገብ፥ ችግር በበረታ ቍጥር ችግሩ ጐደለ ብሎ ይመሰክራል፤ እርዳታውንም ከጮኸው ሰምቶ ለሚጮኸው ይሰጣል፥ ድምፁ የተዘጋበትንም ይረሳል።

ከዚህ ቀጥሎ የስምና የዘመን ነገር ይመጣል፤ ይህም በተለይ ለካህናቱ የቀረበ ነው። ዝቋላ ሲባል ብዙው ሰው በቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም ያስባል፤ በዋግ ኽምራ ግን ዝቋላ ወረዳ ነው። አበርገሌም በአማራም በትግራይም የወረዳ ስም ሆኖ ይገኛል። ሰው እነዚህን ከነገሩ አካሄድ ይለያቸዋል፤ ኮምፒዩተር ግን የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው። እንዲያውም «ኃይለ ሥላሴ» እና «ሀይለ ስላሴ» ለእርሱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፊደላችን በ1999 በአውሮጳ አቆጣጠር በዩኒኮድ የዓለም የፊደል መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ተቀብሏልና፥ ሀሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በእርሱ ዘንድ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በዲኤችአይኤስ 2 እያንዳንዱ ስፍራ 11 ምልክት ያለው የማይለወጥ መለያ አለው፤ ፕሮግራም ለፕሮግራም በሚጽፍበት ጊዜ ስፍራን በዚህ መለያ ይጥራ እንጂ በስሙ አይጥራ። ለሰውም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር የሚሰጠው ለዚሁ ነው።

ዘመኑም እንዲሁ ነው። የጃቫ መደበኛ የቀን መቍጠሪያ የጃፓንን፥ የታይላንድንና የእስላሞችን አቆጣጠር ሲያውቅ፥ የእኛን ባሕረ ሐሳብ አያውቅም፤ ባለሙያዎች ለብቻው ያዘጋጁትን ተጨማሪ መጽሐፍ መጠቀም ያስፈልጋል። ይህን ያልተረዳ ፕሮግራም ጸሐፊ ወሩ 12 ብቻ ይመስለዋልና፥ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደውን ሕፃን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ቀኑ ግን ነበረ፤ በአውሮጳ አቆጣጠር መስከረም 11 ቀን 2023 ነው። ሕፃኑም ነበረ። የዕድሜው ቍጥር በቀናት እንኳ ቢዛባ፥ ቁመቱ ከዕድሜው ጋር ሲመዘን ፍርዱ ሊዛባ ይችላል። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይቀበላል፤ ከእርሱ ጋር የሚገናኘው ፕሮግራም ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጽፍ አስቀድሞ ተስማምቶ መግባት አለበት።

የማኅተሙንም ነገር ሳንናገር አናልፍም። በደጃፉ የሚያስገባው ምስጢራዊ ቁልፍ እንደ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ነው። ማኅተም በጠረጴዛ ላይ ተጥሎ እንደማይታደር፥ ይህም ቁልፍ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ሊዘዋወር አይገባውም። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ቁልፍ ይሰጠው፤ ቁጥር ለመላክ የተፈቀደለት የሰውን ስም ለማንበብ አይፈቀድለት፤ ሠራተኛው ሲዛወርም ቁልፉ ይሰረዝ። የእናቲቱ ምስጢር በመዝገብ ስለ ገባ የመንግሥት ንብረት አልሆነም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ይህን ለመጠበቅ ነው። መዝገቡ በውጭ አገር ደመና የሚቀመጥ እንደ ሆነም፥ ቤቱ የማን እንደ ሆነና በማን ሕግ እንደሚተዳደር ውል ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ የሹሙ ሥራ ነው።

እንግዲህ ከሹማምንቱ የሚፈለገው ጃቫን መማር አይደለም፤ መጠየቅን ማወቅ ነው። ገበታው በፊታቸው በተዘረጋ ጊዜ፥ ቁጥሩን ከማንበባቸው በፊት «ከስንት ጤና ኬላዎች ስንቶቹ ጻፉ? ያልጻፉት የት ያሉ ናቸው? ከመቼ ወዲህ ዝም አሉ?» ይበሉ። ዝም ያለችውን ቀበሌ በገበታው ላይ በነጭ አያሳልፏት፤ በተለየ ቀለም ትታይ፥ ዝምታዋም ከረዘመ ሰው በእግሩ ይላክላት። ፕሮግራም ሲያሠሩም «መረብ ሲቋረጥ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ በውሉ መጀመሪያ ይጻፍ እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ አይታሰብ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

ካህናቱም በየደብራቸው የጥምቀትን ቀንና የክርስትናን ስም የሚያውቁ ስለ ሆነ፥ ወላጆች የልጃቸውን የልደት ቀን በትክክል እንዲያስመዘግቡ፥ ስማቸውንም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲያጽፉ ቢመክሩ ሥራውን እጅግ ያግዛሉ።

በጥንት ዘመን አሞሌ ጨው ከአፋር ምድር ተጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ ሲመጣ፥ ነጋዴው ያልደረሰውን ጭነት «ጠፋ» አይለውም ነበር፤ «በመንገድ ላይ ነው» ብሎ ይጠባበቀው፥ ሲዘገይም ፈላጊ ይሰድድ ነበር እንጂ። ለጨው የተደረገው ጥንቃቄ ለሕፃን ሊነፈግ አይገባም። በሰቆጣ ስም የተገባው ቃል ኪዳን የሚፈጸመው፥ የሰቆጣ ድምፅ ሲሰማ ብቻ ሳይሆን፥ ድምፅዋ በጠፋ ጊዜ መጥፋቱን የሚያስተውል መዝገብና የሚጠይቅ ሹም ሲገኝ ነው።